ሁለት ልጅና አንድ በሬ

ወንድሜ ኢዮስያስ የሰደበኝ በ2049 ዓ.ም. ጥር ወር ውስጥ፣ የአባታችን አርባ በወጣበት ቅዳሜ፣ ኮምቦልቻ በአባታችን ግቢ በተጣለው ድንኳን ሥር ነው። ሰዉ በልቶ ጠጥቶ፣ ቄሱ ሊመርቁ ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ እሱ ቀድሟቸው ተነሣ። ግራጫ ሱፍ ለብሷል። የጠላ ብርጭቆ ይዟል። እህታችን ማክዳ ናይሮቢ ሆና በአባታችን ኮምፒዩተር ትከታተለን ስለነበር፣ እሷም እንድትሰማ ድምፁን ከፍ አደረገና እንዲህ አለ፦

«አባታችን ሁለት ልጅና አንድ በሬ አሳደገ። ልጆቹን አስተማረ። በሬውም እስከ መጨረሻው አረሰለት፤ ምስጋና ይገባዋል።»

ይህን ብሎ ብርጭቆውን ወደ እኔ አነሣ። ሰው ሳቀ። የእድሩ ጸሐፊ ሳቀ፣ የአክስቴ ባል ሳቀ፣ ከኮምፒዩተሩ ውስጥም ሳቅ የሰማሁ መስሎኛል። እኔ ያን ጊዜ የወጥ ድስት ይዤ እንግዳ መሃል ቆሜአለሁ። ድስቱን መሬት ላይ አስቀመጥኩና ከድንኳኑ ወጣሁ። አልመለስኩለትም።

አባታችን ከግንብ ሥራ ወድቆ ወገቡ ሲሰበር እኔ ስምንተኛ ክፍል ነበርኩ። ደብተሬን ያን ቀን ዘጋሁ፤ ሁለተኛ አልገለጥኩትም። ያጠብኩት እኔ ነኝ። ያገላበጥኩት እኔ ነኝ። ኢዮስያስ በበዓል በበዓል ብርቱካን ይዞ ይመጣና አልጋው ጫፍ ተቀምጦ ስለ ትምህርቱ ያጫውተው ነበር። አባቴም እሱ በመጣ ቀን ፊቱ ይፈካል። ይህንንም አልረሳሁም።

የወንድሜን ንግግር ቃል በቃል የጻፍኩት የሁሉ ሰው ቅጂ የሚቀመጥበት የመንግሥት ማኅደር ውስጥ ያለው ሌላ ስለሆነ ነው። በየዓመቱ ያ ቀን ሲደርስ የቤቴ ግድግዳ ያለጥያቄ ያሳየኛል። ድንኳኑ ያው ነው፣ ሱፉም ያው። ድምፁም የኢዮስያስ ድምፅ ነው። «አባታችን ሦስት ልጆች አሳደገ። አንደኛው እንደ በሬ ብርቱ ነው፤ ምስጋና ይገባዋል።» ሰው ያጨበጭባል። እኔ ድስቴን እንደያዝኩ ፈገግ እላለሁ። ከድንኳኑም አልወጣም። ያን ፈገግታ ከየት እንዳመጡልኝ አላውቅም፤ እንዲህ ያለ ፈገግታ ኖሮኝ አያውቅም።

ከአርባው በኋላ የወጣው ሕግ «የንግግር ማለዘቢያ» ይለዋል፤ ሰው ግን ማር ነው የሚለው። ከጆሮ ኋላ የምትለጠፍ፣ የምስር ፍሬ የምታህል ናት። ሰው ጠዋት ፊቱን ይታጠብና ማሩን ያደርጋል። ያላደረገ ታክሲ አያሳፍሩትም፣ ቀበሌም አያስገቡትም። ቤትህ ውስጥ ብታወልቃት ግድግዳው ያይሃል። ማር ከመጣች ወዲህ ድብድብ ቀርቷል ይላሉ፤ እውነት ነው ቀርቷል። ገበያ ሄደህ ቲማቲም ብታገላብጥ የሻጯ ፊት ይጠቁራል፣ አፏ ቶሎ ቶሎ ይንቀሳቀሳል፤ ጆሮህ የሚደርሰው «መልካም ቀን ይሁንልህ አባቴ» ነው። አንተም የልብህን ትነግራታለህ። እሷም አንገቷን ዘንበል አድርጋ «አሜን» ትላለች።

የምሠራው ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው የፀሐይ መስታወት ማሳ ነው፤ መስታወት እናጥባለን። አለቃችን ሲናደድ የአንገቱ ሥር እንደ ገመድ ይገተራል። ገመዱ ተገትሮ «በርቱ፣ እኮራባችኋለሁ» ይለናል። ስለዚህ እኛ አጣቢዎቹ ጆሯችንን ትተን አንገት ማየት ለመድን። ጠዋት ስንገናኝ ሰላምታችን «ዛሬ አንገቱ እንዴት አደረ?» ሆኗል። አንገቱ ለስላሳ ከሆነ ቀኑ ደህና ነው።

ቤቴም እንደ ሰው ቤት ነው። ከሚስቴ ከሶሊያና ጋር ተጣልተን አናውቅም። አንድ እሑድ ከምሳ በኋላ ፊቴ ተቀምጣ፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ፣ ብዙ ተናገረች። እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ነበር። የሰማሁት ነገ የውሃ ተራችን መሆኑን ነው። «እሺ፣ ጀሪካኖቹን አወጣለሁ» ብዬ ተነሣሁ። ስመለስ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታለች። ደክሟት ነው አልኩ።

ደግሞ ሶሊያናን የማማበት አንደበት አልነበረኝም። በአርባው ቀን ድንኳኑ ውስጥ ነበረች። ከዚያ ወዲህ በየእሑዱ ቡናዬን ይዤ የሆዴን የማወራው ለእሷ ነው። እጇን አጣምራ ትሰማኛለች። ራሷን ትነቀንቃለች። አንዳንዴም ከንፈሯን ትመጥጣለች። ወንድሜ ቢክደኝ፣ ማኅደሩ ቢክደኝ፣ ቁስሌን የምታውቅ አንዲት ሰው አለችኝ ብዬ ነው የኖርኩት።

ሌላው ምስክሬ ያን ቀን ሁሉን የቀዳው የአባቴ ኮምፒዩተር ነበር። አርባው ባለፈ ሰሞን ዝናብ ሳይኖር መብረቅ ወረደና ገደለው። ያኔም አሮጌ ነበር፤ አባታችን ሰው ተጠቅሞበት የጣለውን ነው የገዛው። የማኅደሩ ሰዎች በየቤቱ እየዞሩ የድሮውን ሁሉ ቀድተው ሲያለዝቡ ይህኛው ሬሳ ስለነበር አልነኩትም። ኢዮስያስ ያለው እንዳለው፣ እኔም እንደወጣሁት፣ እዚያ ሣጥን ውስጥ አለ። እኔም ጥያለሁ እንዳልል፣ ይዣለሁ እንዳልል፣ የአልጋችን እግር ሲሰበር በእሱ ደገፍኩት። ሃያ ዓመት ሙሉ ስድቤ ላይ ተኝቻለሁ ማለት ነው።

በዚህ ዓመት መስከረም ላይ ቀበሌው ማስታወቂያ ለጠፈ። አሮጌ መሣሪያ ያለበት ቤት ሁሉ አውጥቶ እንዲያስረክብ፣ ባለቤቱም ከሁለት አንዱን እንዲመርጥ ይላል፤ ይንቃ ወይም ይቅለጥ። ይንቃ ካልክ ወስደው ያስነሡታል፣ የያዘውን ወደ ማኅደሩ ይገለብጡታል፣ ባዶውን ይመልሱልሃል። ይቅለጥ ካልክ ብረት ማቅለጫው ምድጃ ይገባል። ለእኔ ሁለቱም አንድ ነው። ቢነቃ ይለዝባል፤ ቢቀልጥ ይጠፋል።

«ይቅለጥ በላቸውና እንገላገል» አለች ሶሊያና። «ለአልጋው እንጨት እናስገባለታለን።»

ቢያንስ እኔ የሰማሁት እንዲህ ነው።

ምን እንደማደርግ ሳላውቅ ሽማግሌዎች መጡ። ሐጂ ሙአዝ የሰፈራችን ሽማግሌ ናቸው፤ ወላጆቻቸውን የቀበርን፣ ልጆቻቸውን የዳርን። ሌላዋ እትዬ ብሌን ናቸው፤ ድሮ ዳኛ ነበሩ። ኢዮስያስ ልኳቸው ነው። ከሐዋሳ ተመልሶ እዚሁ ቤት ተከራይቷል አሉኝ። ልቡ ደክሟል። ከወንድሙ ሳይታረቅ መሞት አልፈለገም።

«እሺ» አልኩ። «እኔ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። የተናገረውን እኔ ፊት ይድገመው። ከዚያ ይቅር በለኝ ይበል። ያኔ እታረቃለሁ።»

«ምን ነበር የተናገረህ?» አሉኝ ሐጂ ሙአዝ።

ነገርኳቸው። የሐጂ ፊት በፈገግታ በራ።

«ማሻአላህ። እንዲህ የሚያመሰግን ወንድም እያለህ ነው የተኳረፍከው?»

እርሳስ ፈልጌ በወረቀት ጻፍኩትና ሰጠኋቸው። የእጅ ጽሑፍ ላይ ማር አትደርስም። ሐጂ አነበቡት፣ መነጽራቸውን አውልቀው ደግመው አነበቡት፣ ለእትዬ ብሌን አቀበሏቸው።

«ይህ ያንተ ቃል ነው» አሉ እትዬ ብሌን። «ማኅደሩ ደግሞ ይህን አይልም። አንድ ሰው የጻፈውን ይዤ ሌላ ሰው ድንጋይ አላሸክምም።»

«የአባቴ ኮምፒዩተር አለ። ያን ቀን ሲቀዳ ነበር። አልለዘበም።»

«ይሠራል?»

«ሞቷል።»

ሁለቱ ተያዩ። እትዬ ብሌን ወረቀቱን አጥፈው መለሱልኝ። «ለሽምግልና ሲሆን ሕጉ ማር ለማውለቅ ይፈቅዳል። በመጪው ቅዳሜ ጠዋት ወንድምህ ቤት እንቀመጣለን፣ ሁላችንም በባዶ ጆሮ። ያን ዕቃ ማስነሣት ከቻልክ ይዘኸው ና። ካልቻልክ ደግሞ በማኅደሩ ትታረቃለህ።»

ቅዳሜ ቀበሌው አሮጌ ዕቃ የሚሰበስብበት ቀን ነው። ሌላ ጊዜ የለኝም።

እንግዶቹ ሲወጡ ሶሊያናን በር ላይ ያዝኳት። «አንቺ ነበርሽ። ሰምተሻል። ምን ነበር ያለኝ?»

«እንደ በሬ ብርቱ ነው ነው ያለህ» የሚል ጆሮዬ ገባ። አንገቷን አየሁ። ሥሩ አልተገተረም። ዓይኗ ግን መሬት ላይ ነበር። ማሬን አውልቄ እንደገና ልጠይቃት እጄን ወደ ጆሮዬ ሰደድኩ። ግድግዳውን አየሁና እጄን መለስኩ። ግድግዳውን ፈርቼ ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት።

ኮምፒዩተሩን ከአልጋው ሥር አውጥቼ በማዳበሪያ ከረጢት ጠቀለልኩት። አልጋው በአንድ ጎኑ ዘመመ። ሶሊያና ቆማ አየችኝ እንጂ አላገዘችኝም።

ቦርከና ወንዝ ዳር ካለው የቁራጭ ብረት ተራ ረድኤት የምትባል ሴት አለች። በሯ ላይ የተጻፈው «የፕሬሸር ኩከር ጥገና» ነው። ፕሬሸር ኩከር ስትጠግን ያያት ሰው ግን የለም። ከረጢቱን ጠረጴዛዋ ላይ ሳስቀምጥ በጣቷ ጫን ጫን አድርጋ ነካችው።

«ስንት ዓመቱ ነው ከሞተ ጋሼ?»

«ከሃያ ያልፋል።»

«የኔም እናት ሞታ እንዲሁ ነው፤ እሷን ግን አስነሺልኝ ብሎ የመጣ የለም» አለችና ቡሎኑን መፍታት ጀመረች። የእሷ ቀልድ ለምን እንዳልለዘበ አላውቅም። ወይም ለዝቦ ነው እንዲህ የሆነው።

ሣጥኑ ሲከፈት አቧራው እንደ በግ ፀጉር ተጠቅልሎ ወጣ። ውስጡ አንድ የደረቀች እንሽላሊት ነበረች፤ በጅራቷ ይዛ በመስኮት ወረወረቻት። ከዚያ በርከት ላለ ጊዜ ሠራች። የተቃጠለውን አወጣች፤ ከሌላ ሬሳ የነቀለችውን አስገባች። ስታበቃ አንድ ሽቦ አገናኘች። የውስጡ ማራገቢያ አቃሰተ፣ ቆመ፣ ደግሞ አቃሰተና ዞረ። የአባቴን ሳል ነው ያስታወሰኝ። ወዲያው አጠፋችው።

«ሕይወት አለው» አለች። «የያዘው አልተቃጠለም። ግን ዲስኩ አርጅቷል። አንድ ጊዜ በደንብ ይነሣል፣ የሚናገረውን ይናገራል። ለሁለተኛው እኔን አይጠይቁኝ። አሁን ይስሙት?»

እውነቱን ለመናገር ፈልጌ ነበር። ከመስማት የሚያግደኝ የእሷ ጣት ብቻ ነበር።

«አይ» አልኩ። «እዚህ ከሰማሁት ብቻዬን ሰማሁት ማለት ነው። ብቻዬንማ ስሰማው ነው የኖርኩት። እነሱ ፊት ይናገር።»

«እንግዲያስ እኔም እመጣለሁ» አለች። «ሰው ሳይለዝብ ሲሰደብ ሰምቼ አላውቅም።»

ቅዳሜ ጠዋት ከሶሊያና ጋር ሄድን። አትምጪ አላልኳትም፤ ምስክሬ ናት። ረድኤት ኮምፒዩተሩን በጋሪ አስገፍታ ቀድማን ደርሳለች። የወንድሜ ቤት አንድ ክፍልና አንድ በረንዳ ናት። የሰው ቤት የምታህል ቤት ጠብቄ ነበር፤ ያን ሁሉ ተምሮ።

እትዬ ብሌን የብረት ሳህን አዞሩ። ሁላችንም ማራችንን እያወለቅን ጣልንበት። ምስር ሲለቀም እንደሚሰማው ቷ ቷ አለ። ሁላችንም የፈራን ይመስለኛል።

«ቶሎ በሉ» አሉ ሐጂ ሙአዝ እኔን እያዩ። «ኩላሊቴ አያስቀምጠኝም፣ የናሆምንም የተጎለተ ፊት ሳይ ልውል አልመጣሁም።»

ሐጂን ሳውቃቸው እንዲህ ተናግረው አያውቁም። ወይም ሁልጊዜ እንዲህ ነበሩ።

«አንተም አርጅተህ አፍህ አልጠራ» አሉ እትዬ ብሌን። «በል ይምጣ።»

ኢዮስያስ ከጓዳ ወጣ። ከስቷል። ያ ሱፉን የሞላ ትከሻ የለም፤ ሸሚዙ መስቀያ ላይ እንደተንጠለጠለ ነው። ከቦርከና የመጣ ድንጋይ አንገቱ ላይ አድርጎ በሁለት እጁ ይዞታል። እንደ ደንቡ ነው። ሐጂ ልቡን ፈርተው በአንድ እጃቸው ድንጋዩን ከሥር ደግፈውለታል። መጥቶ እግሬ ሥር ተንበረከከ።

ረድኤት ጣቷን ኮምፒዩተሩ ላይ አድርጋ ተዘጋጀች። «ላስነሣው?»

«አያስፈልግም» አለ ኢዮስያስ።

ድምፁን ካወቅሁት ዘመን ወዲህ እንዲህ ሻክሮ ሰምቼው አላውቅም። ቀና ብሎ ሊያየኝ ፈለገ፤ ድንጋዩ አልፈቀደለትም፤ ለጫማዬ ነው የተናገረው።

«አባታችን ሁለት ልጅና አንድ በሬ አሳደገ ብያለሁ። በሬውም እስከ መጨረሻው አረሰለት ብያለሁ። ሰው እንዲስቅልኝ ብዬ ነው። ሰክሬም አልነበረም። አባባን ሳላስታምመው ስለሞተብኝ አንተን ማየት አልቻልኩም ነበር። ይቅር በለኝ።»

ሐጂ ሙአዝ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። እትዬ ብሌን «በሬ?» አሉ ቀስ ብለው። የጠበቅሁት ይህን ነበር። ሃያ ዓመት አልሜዋለሁ። በእጄ ድንጋዩን ነካሁት፤ እንደ ደንቡ ተበዳይ ነው የሚያወርደው። ነገር ግን ከማውረዴ በፊት አንድ ነገር ቆረቆረኝ።

«ይህን ለማለት ሃያ ዓመት የት ነበርክ?»

«ስደውልልህ ነበራ። በየእንቁጣጣሹ።»

«ደውለህማ እንኳን አደረሰህ ትለኛለህ። በሰደብከኝ ላይ በዓል ልታከብርብኝ።»

«እንኳን አደረሰህ ብዬህ አላውቅም!» ድንጋዩ ተናነቀው፤ ሐጂ ከፍ አደረጉለት። «በሬ ስላልኩህ ይቅር በለኝ ነው የምልህ። በየዓመቱ። አንተም ‹ለአንተም እንደዚያው፣ ለቤተሰብህም› ትለኛለህ።»

እኔ የምለው ሌላ ነበር። ምን እንደሆነ ሽማግሌ ፊት አይደገምም። ስድቡ ስላለበት ይቅርታውም አብሮ ለዝቧል ማለት ነው። ረድኤት ከጥግ ሳቋ አመለጣት። ሐጂም ሊስቁ ጀምረው ተዉት።

«የማለዘቢያ ልክህ ከፍ ያለ ነው አሉኝ ቀበሌ» አለ ኢዮስያስ። «የቤታችሁ ማር። መጨረሻው ላይ ነው፣ ምንም አያሳልፍም አሉኝ። የአርባው ቀን ቅጂ ማኅደሩ ውስጥ እንዳለ ይቀመጥ ብዬም አመልክቼ ነበር፤ ልክድህ አልፈለግሁም። ቀድሞ እንዲለዝብ ተጠይቋል፣ የጠየቀውም የተበዳዩ ቤት ነው አሉኝ። አንተ ነህ ብዬ ተውኩት። ሊረሳው ፈልጎ ነው ብዬ።»

«የኔ ቤት?»

ቤቴ ውስጥ ያለነው ሁለት ነን። ልጆቹ ወጥተዋል። ዞሬ ሶሊያናን አየኋት። በረንዳው በር ላይ ነጠላዋን ይዛ ቆማለች።

«እኔ ነኝ» አለች።

የሚስቴ ድምፅ ጎርናና መሆኑን ረስቼው ነበር። ቤት ውስጥ የምሰማው ቀጭን ነው።

«እኔ ነኝ ናሆም። የቤታችንን ልክ መጨረሻ ያደረስኩት እኔ ነኝ፤ ያን ቀን ያስለዘብኩትም እኔ ነኝ። ልጆቹ ሲጫወቱ አንዱ በሬ፣ አንዱ ገበሬ ሆኖ ሲገርፈው ያየሁ ዕለት ነው የወሰንኩት። ካንተ ነው የሰሙት። ሌላ ተረት አልነገርካቸውም።»

«በየእሑዱ አወራሽ ነበር» አልኳት።

«ታወራኛለህ።»

«ምን ነበር የምትሰሚው?»

ነጠላዋን አጣጠፈች፣ ፈታች። «ስለ አባትህ ደግነት። አንዳንዴ ስለ ዝናብ።»

«ራስሽን ትነቀንቂ ነበር።»

«ስለ ዝናቡ ነዋ።»

ማንም አልሳቀም። ሐጂ ሙአዝ ዓይናቸውን ወደ ጣሪያው ሰደዱ።

«ነግሬሃለሁ ደግሞ» አለች። «አንድ እሑድ አልቅሼ፣ ይህንኑ ሁሉ ነግሬሃለሁ። ይቅር በለኝም ብዬሃለሁ። ምን እንደሰማህ እንጃ፤ ተነሥተህ ጀሪካን ፈለግህ።»

ኢዮስያስ ከድንጋዩ ሥር አቃሰተ። «ናሆም» አለ። «አንተ ከድንኳኑ ከወጣህ በኋላ እሷ ምን እንዳለችኝ አልነገረችህም?»

«ተወው ኢዮስያስ» አለችው።

«ሰው ሁሉ ፊት ነው እኮ ያለችኝ። ማክዳም ሰምታለች። እስከ ዛሬ ልቤ ላይ ያለው ያንተ ዝምታ አይደለም፣ የእሷ ንግግር ነው። ዕቃው ውስጥ አለ። ያን አሰሙት።»

«ምን አልሽው?» አልኳት።

«ያን ቀን ተከትዬህ ስመጣ አልጠየቅከኝም። ስለ ራስህ ብቻ ነበር የምታወራው» አለች። ከዚያ ኮምፒዩተሩን በአገጯ አመለከተችው። «አሁን እኔ ብነግርህ ታምነኛለህ? እሱን ስማው።»

ከውጭ የመኪና ድምፅ መጣ፤ ቤት ለቤት የሚዞሩት የቀበሌው ሰብሳቢዎች ናቸው። አንዱ ቀይና አረንጓዴ ምልክት በእጁ ይዞ በረንዳው ላይ ብቅ አለ። ባዶ ጆሯችንን ሲያይ ደንገጥ ብሎ ወደ ኋላ ሸሸ፤ ሆኖም ሥራ ነውና ጠየቀ። «ይንቃ ነው ይቅለጥ?»

ረድኤት ጣቷን አላነሣችም። «አንድ ጊዜ ነው የሚነሣው ጋሼ» አለች። «አሁን ካልሆነ የለም።»

ሁሉም እኔን ያያል። ያለችው ደግ ከሆነ፣ ይህን ያህል ዘመን ደብቃብኛለች፤ ያን ቃል ሰምቼ ብሆን ሌላ ሰው ሆኜ በኖርኩ። ክፉ ከሆነ ደግሞ ሁለተኛ በሬ ልባል ነው። እጄ አሁንም የወንድሜ ድንጋይ ላይ ነው፣ የእሱም አንገት እየተንቀጠቀጠ ነው። ድንጋዩን አነሣሁለት። «ይቅር ለእግዚአብሔር» አልኩት። ሐጂ ሙአዝ ብብቱን ይዘው አስነሡት፣ አቀፈኝ፣ እንደ ደረቅ ሸምበቆ ነው የቀለለኝ። እኔም አቀፍኩት። የእሱ ነገር እንዲህ አለቀ፤ ስንት ዓመት ተሸክሜው ሲወርድ ምንም አልተሰማኝም።

ድንጋዩን የማስቀምጥበት አጥቼ ኮምፒዩተሩ ላይ አኖርኩት።

ሶሊያና ከበሩ ወደ ውስጥ አንድ ጊዜ ራመደች። ድንጋዩን አየችና እኔን አየች።

«እኔስ?» አለች። «እኔም ልሸከም? እሸከማለሁ። መጀመሪያ ግን ይናገር። ረድኤትን አስነሺው በላት።»

እትዬ ብሌን «አቶ ናሆም» አሉኝ። ሰብሳቢው ሁለቱን ምልክቶች ከፍ አድርጎ ይጠብቃል።

ይንቃም ይቅለጥም ሳልል አልፌያት በረንዳው ላይ ወጣሁ። ማሬን ከሳህኑ አላነሣሁም። መንገዱ ላይ ሰው ሁሉ በባዶ ድምፁ ይጮኻል፤ አንዱ ሹፌር አንዱን እግረኛ በእናቱ ይሰድበዋል፣ እግረኛውም ፈገግ ብሎ ያመሰግነዋል። ከኋላዬ የሚስቴን ጎርናና ድምፅ ሰማሁ፣ ሳይለዝብ።

«ያን ቀንም እንዲሁ ነው የወጣኸው።»

አልመለስኩላትም።